ከክንድ እስከ በረዶ አስር ቁጥር

እሺ፣ ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁ ግድግዳ ተደገፉ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። ለላቦራቶሪ ባለሙያችን ለጋሼ መሸኛ ንግግር አድርጊ ስባል "እኔ መርፌ እንጂ ማይክ ይዤ አላውቅም" ብዬ ነበር። ዶክተራችን ግን "አምስት ደቂቃ ብቻ ነው" አለችኝ። የዶክተራችንን አምስት ደቂቃ ወረፋ ይዞ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሳትቸኩሉ ስሙኝ።

ጋሼ እዚህ ግቢ የገቡበትን ቀን በዓይኔ አላየሁትም፤ እኔ የተቀጠርኩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የነገሩኝ ዘበኛችን ናቸው። ያውላችሁ፣ በሩ አጠገብ ቆመው ከአሁኑ እየሳቁ ነው። ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት፣ የራስ ምታት ክፍላችን ሊከፈት በተቃረበ ሰሞን፣ አንድ ቀጠን ያሉ ሰውዬ ነጭ የበረዶ ሳጥን በትከሻቸው አንግተው፣ ላባቸው በጆሯቸው እየወረደ በሩ ላይ ይደርሳሉ።

"ወዴት ነው?" ይላሉ ዘበኛችን።

"ወደ አዲሱ የራስ ምታት ክፍል።"

"አይስክሬም ግቢ ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው።"

"አይስክሬም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ደም ነው።"

ዘበኛችን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። "የማን ደም?" ቢሏቸው፣ ጋሼ ምንም ሳይመስላቸው "የሠላሳ ሰው" ብለው መለሱ። በሩ ተዘጋ፤ ፖሊስ ሊጠራ ሆነ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን መታወቂያውን ያወጣል ወይም ይቆጣል። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩና "ወንድሜ፣ መጠርጠር መብትህ ነው። ግን ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ነው ያለው፤ እባክህ ጥላ ውስጥ አስገብተነው እንጠራጠር" አሉ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ከድሮው ላቦራቶሪያቸው የመጣ የሕመምተኞች ናሙና ነው። ሾፌር አላምንም ብለው ራሳቸው ተሸክመውት መጥተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ጋሽ በረዶ ሆነ፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የምናየው ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው።

ለእንግዶቻችን፣ በተለይ ለጋሼ ልጆች፣ አባታችሁ እዚህ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ላስረዳ። ነግረዋችሁ ይሆናል፤ እሳቸው ግን ሲያስረዱ ከፍጥረት ስለሚጀምሩ እንቅልፍ ወስዷችሁ ሊሆን ይችላል። ማይግሬን፣ ያ ግማሽ ራስን ወጥሮ የሚይዘው ሕመም፣ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ሰው ላይ አንድ ይመስላል። መድኃኒቱ ግን አንዱን ሲያሽለው ሌላውን ጭራሽ አይነካውም። ድሮ የምናደርገው ምን ነበር? ይህን ሦስት ወር ሞክር፣ እምቢ ካለ ደግሞ ያንን ሦስት ወር ሞክር። ሰው ዕድሜውን በሙከራ ይጨርስ ነበር። ዶክተራችን "ለማን የትኛው እንደሚስማማ ደማቸው አስቀድሞ የሚነግረን ከሆነ ደማቸውን እንጠይቀው" ብላ ጥናቱን ጀመረች። ሕመሙ ሲነሳ ደም ውስጥ ከፍ የሚል አንድ ፕሮቲን አለ። እኛ ጋ እንዳየነው፣ ይህ ፕሮቲን ከተወሰነ መስመር በላይ የሆነባቸው ሰዎች እሱን የሚያግደው መርፌ የሚስማማቸው ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ብናገር ተነስተው ማይኩን እንደሚቀሙኝ አውቃለሁ።

መከራችን ይህ ፕሮቲን ሙቀት አለመቻሉ ነው። ቱቦው ቶሎ በረዶ ውስጥ ካልገባ ፕሮቲኑ ይበላሽና ቁጥሩ ያለ ልኩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጋሼ ሕግ አወጡ፦ ከክንድ እስከ በረዶ አስር ቁጥር። ጮክ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ሕመምተኞቹም ለመዱና አብረው መቁጠር ጀመሩ፤ አንዲት አዛውንት እናት ስምንት ላይ ሲደርሱ "በል ፍጠን ልጄ፣ ፍጠን" ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ደሙን የምታሽከረክረው ማሽን ያለችው ኮሪደሩ ማዶ ነው። እዚያ ድረስ ሩጫ ነው። የጫማቸው ድምፅ ሲሰማ ነርሱም፣ አስታማሚውም፣ ጽዳቱም ግድግዳ ይለጠፋል። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ የተከበሩ እንግዶች ይዘው ሲያስጎበኙ ጋሼ "ዞር በሉ፣ እየሞቀ ነው" ብለው መሐላቸውን ሰንጥቀው አለፉ። አንዱ እንግዳ ደንግጦ "ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ዳይሬክተሩ "አይ፣ ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው" አሉት። ዘበኛችን "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያሉ ስንት ጊዜ መከሯቸው። ሰሚ የለም። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በአስራ ስምንት ዓመት ከእጃቸው የወደቀ አንድ ቱቦ የለም።

ምሳ ዕቃቸውንስ የማያስታውስ ማን አለ? ላዩ ላይ ስማቸው፣ ቀኑ፣ ምግቡ የወጣበት ሰዓት ይጻፋል፤ ከሥሩ "ሳይነቀነቅ ይቀመጥ" ይላል። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዶክተር ግን ለምን ወደ መስኮቱ ታያለሽ? ብቻ አንድ ሰው ያንን ምሳ ዕቃ ከናሙና ጋር አምታታውና ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። ጋሼ አልተቆጡም። የስህተት መዝገቡን አወጡና በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፦ "አንድ ምሳ በስህተት ከናሙናዎች ጋር ተገኝቷል። ናሙናዎቹ ደህና ናቸው። ምሳው ድንጋይ ሆኗል። ባለምሳው ርቦታል።" ሄዳችሁ እዩት፣ አሁንም አለ።

እትዬም፣ ባለቤታቸው፣ ምስክሬ ናቸው። አንድ ቀን እዚህ ደውለው ስልኩን እኔ አነሳሁ። "ይሄን ሰውዬ ምን አድርጋችሁብኝ ነው? ወተት ግዛ ብዬ ብልከው ከሱቅ ድረስ እየሮጠ መጣ። ጎረቤት ቤት የተቃጠለ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ" አሉኝ። እኔም "እትዬ፣ ወተቱ ደህና ደረሰ?" ብላቸው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያበሽቀን ጥያቄያቸው ነበር። ሕመምተኛ ራሱን ይዞ እያቃሰተ ሲገባ ጋሼ ብዕራቸውን አዘጋጅተው "ስንት ሰዓት ጀመረዎት?" ይላሉ። ሰውየው "ጠዋት" ይላል። "ጠዋት የሰዓት ስም አይደለም።" "እንግዲህ... ቁርስ አካባቢ።" "ቁርስም የሰዓት ስም አይደለም።" ስንቱ ሕመምተኛ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል ሳይወድ በግዱ ሰዓት አስታወሰ።

እኔም አንዷ ነኝ። እስካሁን ስቀልድ የቆየሁት ወደዚህ ላለመድረስ ነው መሰለኝ።

እዚህ ስቀጠር ማይግሬን እንዳለብኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የራስ ምታት ክፍል ነርስ ራሷ ራሷን የሚያማት ሆና ስትገኝ ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። በወር አስራ አምስት ቀን ያመኝ ነበር። አስራ አምስት። ሲብስብኝ ጓንት የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ካርቶኖቹ ኋላ ቁጢጥ እላለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ጓንት ሊወስዱ ገቡና አገኙኝ። ምን ሆንሽ አላሉኝም። መብራቱንም አላበሩትም። ቀስ ብለው "ስንት ሰዓት ጀመረሽ?" አሉኝ።

"ጠዋት" አልኳቸው።

"ጠዋት የሰዓት ስም አይደለም።"

ጉልበት ቢኖረኝ በካርቶን እላቸው ነበር። እሳቸው ግን መሬቱ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። በመጨረሻ "ሦስት ሰዓት ከሩብ" ስላቸው መዳፋቸው ላይ ጻፉትና "ለዶክተር እኔ ልንገርልሽ ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ?" አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ሕመሜን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አወቀልኝ። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያመመው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት መድኃኒት ሞከርኩ። አንዱ እንደቆምኩ አስተኛኝ። አንዱ ምንም አላደረገ። አንዱ ደግሞ ቃል አስረሳኝ፤ ሲሪንጅ የሚለው ስም ጠፍቶብኝ ጋሼን "ያችን... የምትወጋዋን ይስጡኝ" ስላቸው "የምትወጋዋ እጅሽ ላይ ናት፣ ልጄ" አሉኝ። በመጨረሻ እኔም እንደማንኛውም ሕመምተኛ ጥናቱ ውስጥ ገባሁ። ምርመራው በየሦስት ወሩ አንዴ፣ የተጠራቀመው ናሙና ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚሠራው። ያንን ዙር እንደ ፍርድ ቀን ጠበቅኩት። ምክንያቱም፣ ዶክተር፣ ይህን ዛሬ ነው የምትሰሚው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ቀኑ ብቻ ቀርቶታል። ይህ ዙር መልስ ካልሰጠኝ ቤቴ ልገባ ወስኛለሁ።

ደም የምሰጥበት ቀን፣ ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ ሕመሙ እንደ ልማዱ መጣ። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ የአምስቱ ቱቦ በረዶ ሳጥኑ ውስጥ የእኔን ይጠብቃል። ጋሼ ቀዱልኝ፣ መቁጠር ጀመሩ፣ ሰባት ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ነኝ። ጋሼ የማስታወኪያ ሳህን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ግንባሬና አንገቴ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ብቻ ነፍሴ መለስ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የስህተት መዝገቡን ከፈትኩ። "ስድስት ናሙና ሞቋል። ለውሳኔ አይውል። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ከሥሩ ፊርማቸው። ሌላ አንድ ቃል የለም።

ስድስቱ መሐል የእኔ አለበት። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ያን ቀን እኔ ነበርኩ ሯጭዋ። "ጋሼ፣ ማን አየዎት? ቱቦዎቹ ፍሪዘር ገብተዋል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም" አልኳቸው።

"እኔ አውቃለሁ።"

"ሌላ ሦስት ወር ልጠብቅ ነው እኮ የሚሉኝ!"

"ልጄ፣ የተሳሳተ ቁጥር ከምሰጥሽ ምንም ባልሰጥሽ ይሻላል።"

"እርስዎ ምን አለብዎት፤ እርስዎን አያምዎት" አልኳቸው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልናገረው እንጂ፣ እንዲህ አልኳቸው። እሳቸው ግን ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአምስቱ ሕመምተኞች አንድ በአንድ ስልክ ደወሉ። አንዱ ሰውዬ ሲሰድባቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ጋሼ "ልክ ነዎት" ይላሉ፣ "ልክ ነዎት፣ ይቅርታ፣ ልክ ነዎት።" እኔ ደግሞ አንጀቴ አልራራም። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ሰላምታ ነሳኋቸው።

በአስራ አንደኛው ቀን ዶክተር ቢሮዋ ጠራችኝ። "አኩርፈሻል አሉ" አለችኝ። የሆዴን ዘረገፍኩት። እንዴት ጋሼን የመሰለ ሰው በረዶ ይረሳል አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና "ያን ቀን ግንባርሽ ላይ የነበረው በረዶ ከየት የመጣ ይመስልሻል?" አለችኝ።

ከናሙናው ሳጥን ነበር። እኔ ስወድቅ ጋሼ ሳጥኑን ከፍተው በረዶውን በሙሉ ፎጣ ላይ ገልብጠው ግንባሬ ላይ አደረጉት። ቱቦዎቹ ባዶ ሳጥን ውስጥ ቀሩ። ያ ለዳይሬክተር የማይቆም ሰው፣ በአስራ አራት ዓመት አንድ ቱቦ ያላሞቀ ሰው፣ እኔ ሳህን ላይ ሳስታውክ አርባ ደቂቃ ቆመው ያዙኝ። መዝገቡ ላይ "ነርሷ ስለወደቀች" ብለው ሊጽፉ ይችሉ ነበር። አልጻፉም። እኔ የአምስት ሰው ናሙና በእኔ ምክንያት ተበላሸ ብዬ እንዳልጸጸት ነው። ስሰድባቸው እንኳን አልነገሩኝም።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ጋሼ ወንበር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እኔ ከምቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ራሴን ሲያስነሳብኝ፣ ይቀየር ብለው ሦስት ጊዜ አመልክተው ሰሚ አጥተዋል። እናም በስንት ዓመታቸው ወንበር ላይ ወጥተው ራሳቸው እየነቀሉት ነው። ኋላ ጥገናው ሰውዬ መጥቶ "ይሄን ማን ነቀለው?" ሲል ጋሼ "ተቃጥሎ ይሆናል" አሉ። እኔ የማውቀው አንድ ውሸታቸው ይሄ ነው። መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ዛሬ በአደባባይ አጋልጫቸዋለሁ።

ደብዳቤውን ቀደድኩትና ሦስት ወሩን ጠበቅኩ። እንደገና ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሁለታችንንም አስጠርታ ሁለት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ አዲሱ ነው። ሌላው ያ የሞቀው ቱቦ ነው፤ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያጠፋ ለማየት ለብቻው ለክታው ኖሯል። የሞቀው ከመስመሩ በታች ነው። አዲሱ ከመስመሩ በላይ ነው፣ ያውም በብዙ። "የመጀመሪያውን ብናምነው ኖሮ" አለች ዶክተር፣ "መርፌውን አንሰጥሽም ነበር። ያንን ቃል ያስረሳሽን ዓይነት መድኃኒት እንደገና እናስጀምርሽ ነበር።" ከአምስቱ ሰዎችም የሁለቱ ቁጥር እንዲሁ ተገልብጦ ተገኘ። አንዱ ያ በስልክ የተሳደበው ሰውዬ ነው።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ሁለቱን ቁጥሮች መዝገቡ ላይ ከዚያ ከጥፋታቸው ሥር ጎን ለጎን ጻፏቸው። ከዚያ ተነስተው ወጡ። በዚያ ኮሪደር ላይ በዝግታ ሲራመዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

መርፌውን ጀመርኩ። ዳንኩ አልልም፤ እየሰሙኝ ነው። የመጀመሪያው ወር ብዙም ለውጥ አልነበረውም። በሦስተኛው ወር አስራ አምስቱ ቀን ስምንት ሆነ። አሁን በወር ሦስት ቀን ነው። ሁሉም ሰው እንደ እኔ አልቀናውም፤ ገና እየፈለግንላቸው ያሉ ሰዎች አሉ። እሱን ደግሞ እርስዎ ያሠለጠኗቸው ልጆች ይሠሩታል፤ አስር መቁጠር ለምደዋል፣ ሩጫው ብቻ ይቀራቸዋል።

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው። ስህተትን መደበቅ ለማንም ቀላል በሆነበት ቦታ፣ ፈርሞ መቀመጥን አስተማሩን። ዛሬ አዲስ የመጣ ልጅ ቢሳሳት ሮጦ መዝገቡን ነው የሚያወጣው፤ ማንም አይስቅበትም፣ ማንም አይቆጣውም። እኔን ደግሞ በሥራዬ ላይ አቆዩኝ። እትዬ፣ እርስዎንም እናመሰግናለን፤ ምሽትዎን ስለ ፕሮቲን እያወራ የሚያሳልፍ ባል ይዘው ይህን ሁሉ ዓመት ስላበደሩን።

ብርጭቆ ከማንሳታችን በፊት አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጄን ታውቋታላችሁ፤ አሁን አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ትንሽ ሳለች በየጠዋቱ የመኝታ ቤቴን በር ገርበብ አድርጋ፣ እንደምን አደርሽ ከማለቷ በፊት፣ በሹክሹክታ "እማዬ፣ ዛሬ ያምሻል?" ትለኝ ነበር። አዎ ካልኳት ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ድምጿ አይሰማም። አያመኝም ካልኳት እንደ ልጅ ትጫወታለች። የልጄ ቀን በእኔ ራስ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ጋሼ፣ ለእርስዎም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት ይህን ንግግር ስጽፍ ጠራኋትና "ትንሽ ሆነሽ ጠዋት ጠዋት ምን ትጠይቂኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ?" አልኳት።

አሰበች፣ አሰበች። "ቁርስ ምንድን ነው የሚለውን?" አለችኝ።

ረስታዋለች፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ ሁላችሁም ብርጭቆአችሁን አንሱ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እትዬን ያቆይልዎት፣ የልጅ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ሲበቁ ያሳይዎት፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት። ደጃችን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ለጋሼ ጤና።